እህቴ ትኬት ይዛ «ወንበር የለም» ተባለች፤ ካሳ አላት?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ለወንድማችን ሠርግ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ልትበር ሰዓቷን አክብራ ደረሰች። «አውሮፕላኑ ሞልቷል» ብለው አስቀሯት። ያሳፈሯት በማግስቱ ነው። እኛ ድንኳን ጥለን፣ ጠላ ጠምቀን ስንጠብቅ እሷ ሠርጉ አልፏት ለመልሱ ደረሰች። ከፍላ የያዘችውን ወንበር ለሌላ መሸጥ ሌብነት አይደለም? ካሳስ አለው?

ሹፌር፣ ፍኖተ ሰላም፦
እኛ ትርፍ ስንጭን ትራፊክ ይቀጣናል። ግን ቢያንስ ዱካ አናጣም!

ትኬት ቢሮ የሠራሁ፣ ባሕር ዳር፦
ሌብነት ሳይሆን ስሌት ነው። ትኬት ከቆረጠው ሰው ሁሌም የሚቀር አለ። ቪዛ ያልደረሰለት፣ የታመመ፣ ቀን የቀየረ። ያደረ ቲማቲም እንኳ በርካሽ ይሸጣል። ባዶውን የበረረ ወንበር ግን ምንም አያወጣም፤ ነዳጁ ደግሞ ያው ነው። ስለዚህ ለምሳሌ 200 ወንበር ላይ 205 ትኬት ይሸጣሉ። ትኬቱ 500 ዩሮ ቢሆን ትርፎቹ 5 ትኬቶች 2,500 ያስገባሉ። 3 ሰው ብቻ ቀርቶ 2 ሰው ቢተርፍ፣ ለሁለቱ 600፣ 600 ዩሮ ካሳ ከፍለውም አይከስሩም። አምስቱም ቢተርፉ ግን 3,000 ይወጣል፤ ሆቴሉ ሳይቆጠር። የሚያስፈራቸው ይኼ ካሳ ነው። የማይጠይቅ ሰው ሲበዛ ስሌቱ ወደ እነሱ ያደላል።

የሕግ ሰው፣ ቡሬ፦
ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ፣ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን፣ የኅብረቱ የ2004 (እ.ኤ.አ.) ደንብ ቁጥር 261 ይመለከተዋል። ያለፈቃዱ የቀረ ሰው፣ በረራው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ 600 ዩሮ ይገባዋል። ምግብና ሆቴልም በእነሱ ነው። ወሳኙ ነገር ፈቃዷ ነው። መጀመሪያ «በጥቅማ ጥቅም የሚቀር አለ?» ብለው መጠየቅ አለባቸው። ይህን ጨረታ መሰል ዘዴ ያመነጨው ጁሊያን ሳይመን የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው። እህትህ በዚያ ተስማምታ ከቀረች 600ውን እርሳው። ምን ፈርማለች?

ጠያቂ፦
የ200 ዩሮ ቫውቸር (በገንዘብ ፈንታ የሚያገለግል ወረቀት) ሰጥተዋታል። የፈረምኩት የሆቴሉን ነው ትላለች።

የሕግ ሰው፣ ቡሬ፦
ወረቀቱን አንድ በአንድ ታንብበው። በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ቫውቸር የሚሰጡት እሷ በፊርማ ከተስማማች ብቻ ነው። ለጊዜው አትጠቀምበት። ትኬቷንና የማግስቱን የመሳፈሪያ ወረቀት ይዛ ለአየር መንገዱ በጽሑፍ ትጠይቅ።

ሹፌር፣ ፍኖተ ሰላም፦
600ው ከመጣ መልሱ ይደገማል፤ እኔንም ጥሩኝ።