ዌትሱት፦ 4/3 ልግዛ ወይስ 5/4? ልኩም ግራ አጋብቶኛል

ሰላም፣ ሳንታ ክሩዝ (ካሊፎርኒያ) ለሰርፊንግ (በሰሌዳ ማዕበል ላይ ለመንሸራተት) የሚሆን ዌትሱት፣ ማለትም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚጠብቅ ልብስ፣ መምረጥ አቅቶኛል። የባሕሩ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የምቆየው እስከ ሁለት ሰዓት።

ያለኝ 3/2 ነው፤ ደረቱና ጀርባው 3፣ እጅና እግሩ 2 ሚሊሜትር። ዚፑ ከጀርባ ነው፤ ስፌቱም ኒዮፕሪኑን (ልብሱ የተሠራበትን ላስቲክ) በስቶ የሚያልፍ ዓይነት። ማዕበል ሥር በጠለቅሁ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ በአንገቱና በዚፑ ይገባል። ወገቡ ላይ ልቅ ስለሆነ እዚያ ይጠራቀማል። ሰውነቴ ያሞቀው ስስ የውሃ ሽፋን እንዲህ በየጊዜው ከታጠበ ውፍረት ብቻውን ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ ዚፑ ደረት ላይ የሆነ፣ ስፌቱ በሙጫ ተጣብቆ ኒዮፕሪኑን በስቶ ሳያልፍ የተሰፋ 4/3 አሰብኩ። ችግሩ ልክ ነው። ቁመቴ 183 ሴንቲሜትር፣ ክብደቴ 70 ኪሎ። ሚዲየሙ እጅጌው ያጥራል፣ ስቀዝፍም ትከሻዬን ይይዘኛል (ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲለካ አያስታውቅም፤ እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ ነው ጉዱ)። ላርጁ ደግሞ ብብትና ወገብ ላይ ይጨማደዳል።

ለረጅም ቀጭን ሰው የሚሠራው ሚዲየም ቶል ይፈታዋል? አዲስ ኒዮፕሪን ትከሻ ላይ ምን ያህል ይለቃል? ደግሞስ 4/3 ከ3 ሚሊሜትር ጫማና ከኮፍያ ጋር ይበቃል ወይስ 5/4 ይሻላል? የምፈራው ውፍረቱ ክንዴን እንዳያደክመው ነው።