በገና እረፍት ፕራግ፣ ቪየና እና ቡዳፔስት፦ ቀኖቹን እንዴት እናከፋፍል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ጀርመን ነው። በዲሴምበር መጨረሻ እኔና ባለቤቴ አንድ ሳምንት ከምናምን እረፍት አለን። ልጆቻችን 4 እና 8 ዓመታቸው ነው። ፕራግ፣ ቪየና፣ ብራቲስላቫ እና ቡዳፔስትን በአንድ ጉዞ ለማየት አስበናል። ይሆናል ትላላችሁ? ፓስፖርታችን የኢትዮጵያ ነው፤ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ አለን። አካባቢውን የምታውቁ ምክራችሁን ጀባ በሉን።

መልስ

ሰላም እህቴ። ይሆናል፤ ግን ማደሪያችሁን ሦስት ከተማ ላይ ብቻ አድርጉት። ብራቲስላቫ ከቪየና በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ጠዋት ሄዳችሁ ማታ ትመለሳላችሁ፤ ሻንጣ መጎተት የለም። ልጆች ይዞ ሆቴል መቀየር ግማሽ ቀን ይበላል።

ከሁሉም በፊት 24፣ 25 እና 26ን የት እንደምታሳልፉ ወስኑ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ፕራግ ባለችበት ቼክ ውስጥ ሦስቱም ቀናት ሕዝባዊ በዓል ናቸው። ትልልቅ ሱቆች በ24 እኩለ ቀን ላይ ይዘጋሉ፤ በ25 እና በ26 ጭራሽ አይከፍቱም። ቡዳፔስት ደግሞ በ24 ሜትሮና ትራሙ ከወትሮው በጣም ቀደም ብሎ ያቆማል። ሆቴላችሁ ከመሀል ከተማ ከራቀ፣ በዚያ ብርድ ልጅ አዝላችሁ ትጉላላላችሁ።

እኔ ብሆን ሦስቱን ቀናት ቪየና ነው የማደርጋቸው። እዚያም ሱቅ ይዘጋል። ስለዚህ ወተቱንም፣ የልጆቹን ምግብም፣ መድኃኒት ካላቸው እሱንም በ23 ግዙ። ግን ሜትሮና ትራሙ ይሠራል። የሸንብሩን ቤተ መንግሥት በበዓል ቀንም ክፍት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የገና ገበያ እስከ 26 ይቆያል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙዎቹ የጀርመን ገበያዎች 23 ወይም 24 ላይ ያበቃሉ። ከዚያ በ27 ወደ ቡዳፔስት ስትወርዱ ከተማው ሥራ ጀምሮ ይጠብቃችኋል።

አቅጣጫውም ራሱ ይመቻል። ከፕራግ ቪየና 4 ሰዓት ገደማ፣ ከቪየና ቡዳፔስት 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከቡዳፔስት ተመልሶ ፕራግ መሄድ ግን 7 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። በአውሮፕላን ከሆነ መልቲ ሲቲ የሚለውን መርጣችሁ በፕራግ ገብታችሁ ከቡዳፔስት ተመለሱ። የባቡር ትኬት ስትቆርጡ ደግሞ መቀመጫውንም ያዙ። ትኬት አለኝ ማለት ወንበር አለኝ ማለት አይደለም፤ በገና ሰሞን ሰው ቆሞ ነው የሚሄደው። በኦስትሪያ ባቡር ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ነው፤ የ8 ዓመቱ ግማሽ ይከፍላል። ባቡሩ ሬይልጄት የሚባለው ፈጣን ባቡር ከሆነ የቤተሰብ ክፍሉን ጠይቁ። ለልጆች ፊልም የሚታይበት ጥግ አለው፤ ወላጅ ትንሽ ይተነፍሳል።

ፀሐይዋ በፈረንጅ 4 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ድልድዩን፣ አደባባዩን፣ ቤተ መንግሥቱን ጠዋት እዩ። ማታውን ለገበያና ለመብራቱ ተዉት። ቡዳፔስት ላይ ከሴቼኒ ፍልውሃ አትቅሩ፤ ግን ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ስለማያስገቡ እናንተ ተራ በተራ ሂዱ። በ1913 የተከፈተ ነው። ገንዳው ውጭ ስለሆነ ጭንቅላታችሁን ብርዱ ይመታዋል፣ ገላችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው፣ እንፋሎቱ ደግሞ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ይጋርደዋል።

ገንዘብ በየአገሩ ይለያያል፦ ፕራግ ኮሩና፣ ቪየናና ብራቲስላቫ ዩሮ፣ ቡዳፔስት ፎሪንት። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ “በዩሮ ላስከፍል?” ካላችሁ እምቢ በሉት፤ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ።

የወረቀቱን ነገር አደራ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርድ ለእያንዳንዳችሁ፣ ለልጆቹም ጭምር፣ በእጃችሁ ይሁን። ሼንገን ነው (ያለ ድንበር ፍተሻ የሚታለፍባቸው የአውሮፓ አገሮች) ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ጀርመን ራሷ በየብስ ድንበሮቿ ላይ ፍተሻ ጀምራለች፣ ስትመለሱ ባቡር ላይ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ካርዳችሁ ሊያልቅ ከተቃረበ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮን ጠይቁ።

ከእንግሊዝ ለምትነሱ

ወንድሜ የጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኛ እንግሊዝ ያለነው ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሼንገን ቪዛ ያስፈልገናል። ማመልከቻው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው የሚገባው፤ ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ቪየና ላይ ብዙ የምትቆዩ ከሆነ ኦስትሪያ ማለት ነው። ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላል። መልሱ በተለምዶ በ15 ቀን ይመጣል፤ እስከ 45 ቀን የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የገና ቀጠሮ ቶሎ ስለሚያልቅ ሴፕቴምበር ላይ ጀምሩት፤ ሆቴሉንም ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችለውን ያዙ።