ከትልልቅ አዳኝ ዓሦች ጋር የሚኖሩ አሸዋ አበጣሪ ዓሦችን ስለመምረጥ

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። ርዝመቱ 240፣ ወርዱ 75፣ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ወደ 1,080 ሊትር ውሃ የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። በውስጡ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የደረሱ ሁለት ፒኮክ ባስ፣ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ኦስካር እና 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ፖሊፕተረስ (ረዘም ያለ የአፍሪካ አዳኝ ዓሣ) ይኖራሉ። የውሃው ሙቀት 27 ዲግሪ ሲሆን፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7.4፣ ከዓሦቹ ኩስና ከፍርፋሪ የሚመነጨው ናይትሬት ደግሞ ከሳምንታዊው የውሃ ቅየራ በፊት ወደ 40 ሚሊግራም በሊትር ይደርሳል።

ያስቸገረኝ ወለሉ ነው። 8 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አንጥፌበታለሁ፤ ዓሦቹ ሲበሉ የሚያንጠባጥቡት ፍርፋሪ አሸዋው ውስጥ እየገባ ይቀራል፤ በማዕዘኖቹም በኩል አሸዋው እየጠቆረ ሲነካ መጥፎ ሽታ ይሰጣል። ስለዚህ አሸዋውን በአፋቸው እያነሱ የሚያበጥሩ፣ ነገር ግን ለአዳኞቹ ቀለብ የማይሆኑ ዓሦችን መጨመር አስቤአለሁ። የትኛውን ዓይነት፣ በምን ያህል መጠንና ቁጥር ብገዛ ይሻላል? ኮሪዶራስ (ትንሽ የወለል ካትፊሽ) ወይም የንጹሕ ውሃ ስቲንግሬይ (ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ እሾህ ያለው ዓሣ) ይሆኑኛል ወይ? የሞከራችሁት ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡት ለመመለስ ይቀላል። በእኔ ግምት ለእርስዎ ገንዳ ከሁሉ የሚስማማው የደቡብ አሜሪካው ጂኦፋገስ ነው፤ ከዘመዶቹም መካከል ጂኦፋገስ አልቲፍሮንስን አስቀድማለሁ። ይህ ዓሣ አሸዋውን በአፉ ሙሉ አፍሶ፣ በስንጥቦቹ ውስጥ ባሉት ጥርስ መሰል ዘንጎች እንደ ወንፊት ነፍቶ፣ የሚበላውን አስቀርቶ አሸዋውን በአፉና በስንጥቦቹ ይለቀዋል። ከአማዞን ተፋሰስ ወንዞች የመጣ በመሆኑ፣ የሚፈልገው ሙቀትና የውሃ ጠባይ ከፒኮክ ባስና ከኦስካር ጋር አንድ ነው። ሲያድግ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጀርባው ከፍ ያለ በመሆኑም ርዝመቱ እኩል ከሆነ ቀጭን ዓሣ ይልቅ ለመዋጥ ያስቸግራል።

በዚህ ጉዳይ ሰዎች አዘውትረው የሚዘነጉት ነጥብ ይኸው ነው። አዳኝ ዓሣ ሌላውን የሚመዝነው ወደ አፉ ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ ነው፤ ስለዚህ ከርዝመቱ ይበልጥ የሚያድነው የሰውነቱ ቁመት ነው። የእርስዎ ፒኮክ ባሶች ገና እያደጉ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚበቃው መጠን ከጥቂት ወራት በኋላ ላይበቃ ይችላል። ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ጂኦፋገስ እንዳይገዙ፤ 18 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ቢያገኙ ዋጋው ቢወደድም እርሱን ይምረጡ። ቁጥራቸውን ከ5 አያሳንሱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሲሆኑ ጉልበተኛው ደካማውን ለይቶ እያሳደደ ያስጨንቀዋል።

የጂኦፋገስ ዘመድ የሆነው ሳታኖፐርካም በዚህ አሸዋ የማበጠር ሥራው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዓይናፋርና ለውሃ ብክለት ስሱ ስለሆነ፣ ጉልበተኛ ኦስካር ካለበት ገንዳ ባይገባ እመርጣለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ፤ ፒኮክ ባሶችዎ የትኛው ዝርያ ናቸው? ከዓይናቸው ኋላ፣ በስንጥብ ክዳናቸው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ ሲክላ ቴመንሲስ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ዝርያ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚያድግ፣ ያን ጊዜ ከጂኦፋገሶቹ አልፎ ገንዳው ራሱ አይበቃውም።

መልስ (ከአዲስ አበባ)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ሆኖም ጥያቄው የተነሣበትን ምክንያት በተመለከተ ልጨምር።

ጂኦፋገስ የወለሉን ላይኛ ክፍል ያገላብጣል እንጂ ገንዳ አያጸዳም። ኩስ አይበላም፤ እንዲያውም እርሱ ራሱ ይበላል፣ ይኮሳል፣ ናይትሬቱንም ይጨምራል። አሸዋዎ የጠቆረው አበጣሪ ዓሣ ስለሌለ ብቻ ሳይሆን፣ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው አሸዋ ኦክስጅን እስከ ታች ስለማይደርስ ነው። አየር በሌለበት በዚያ ንብርብር ውስጥ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመነጫሉ፤ የሚሸትዎትም እርሱ ሲሆን ለዓሦች መርዝ ነው። በዚህ ሁኔታ አሸዋ ቆፋሪ ዓሦችን ቢያስገቡ፣ የተጠራቀመውን መርዝና ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ወደ ውሃው ሊለቁት ይችላሉ።

ስለዚህ በቅድሚያ አሸዋውን ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ያሳንሱ። በአንድ ቀን ጠርገው አያውጡት፤ ወለሉን ከፋፍለው በየሳምንቱ አንዱን ክፍል በቱቦ እየሳቡ ያስወግዱ፤ በዚያው ዕለትም ከውሃው ግማሹን ይቀይሩ። የቀረው አሸዋ ድቡልቡልና ደቃቅ መሆኑን በጣትዎ ፈትሹት፤ ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሸጠው፣ እህሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው የሲሊካ አሸዋ ለዚህ ተስማሚ ነው። ተፈጭቶ የተዘጋጀ ስለታም አሸዋ ግን የዓሣውን አፍና ስንጥብ ይቧጥጣል። የፊልተሩን መሳቢያ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ስፖንጅ ያልብሱት፤ አለበለዚያ ዓሦቹ የሚያስነሡት አሸዋ ሞተሩን ይበላዋል።

በነገራችን ላይ ፖሊፕተረስ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ዝርያዎቹ በባሮና በኦሞ ወንዞች ይገኛሉ። በሌሊት በማሽተት የሚያድን ዓሣ ስለሆነ፣ ወለል ላይ የሚተኛ ቀጭን ዓሣ ሁሉ የመጀመሪያ ሰለባው ይሆናል። ኮሪዶራስን በፍጹም አያስቡት፤ ትንሽ ከመሆኑ ሌላ፣ ሲያዝ የጀርባና የደረት ክንፎቹን እሾህ ወጥሮ ይቆልፋል፤ በዋጠው ዓሣ ጉሮሮ ውስጥ ተሰንቅሮም ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ።

መልስ (ከስቶክሆልም)

የማላዊ ሐይቁን ፎሶሮክሮሚስ ለምን አይመለከቱትም? አሸዋ በማበጠር የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ መጠኑም 25 ሳንቲ ሜትርን ያልፋል፤ ወንዱ ሲጎለምስ ሰማያዊ ቀለሙ እጅግ ያምራል።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ዓሣው ድንቅ ነው፤ ከዚህ ገንዳ ጋር ግን አይስማማም። የማላዊ ሐይቅ ውሃ ፒኤቹ ከ7.7 በላይ ነው፤ ፒኮክ ባስና ጂኦፋገስ ደግሞ ለስላሳና አሲዳማ ከሆኑ ወንዞች የመጡ ናቸው። ፎሶሮክሮሚስ በተጨማሪ ደንጋጣ ስለሆነ፣ ፒኮክ ባስ ሲወረወር ፈርቶ ከመስተዋቱ ጋር ይጋጫል። የራሱ ገንዳ ይገባዋል።

መልስ (ከዱባይ)

ስለ ስቲንግሬይ የተጠየቀውን ልመልስ፤ ሞቶሮ የሚባለውን ዝርያ አሳድጋለሁ። አሸዋ በማገላበጥ የሚያህለው የለም፤ ይሁን እንጂ ወርዱ 75 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ውስጥ እንዲያሳድጉት አልመክርም። የሰውነቱ ክብ ስፋት ከ45 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሲያድግ መዞሪያ ያጣል። ለአሞኒያና ለናይትሬት ከጂኦፋገስም ይበልጥ ስሱ ነው፤ ያልተሸፈነ ማሞቂያ ላይ ተኝቶ ይቃጠላል፤ ኦስካርም ጠርዙን ሊነክሰው ይችላል። ጅራቱ ላይ ያለው እሾህ መርዛማ በመሆኑ ቤት ውስጥ ሕፃናት ካሉ ጥንቃቄው ይበዛል። በአሜሪካ ደግሞ ማሳደጉን የሚከለክሉ ግዛቶች ስላሉ የግዛትዎን ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፒኮክ ባሶቹን በደንብ ተመለከትኋቸው፤ ጎናቸው ላይ ሦስት ቋሚ ጥቁር መስመሮች አሉ፤ ከዓይናቸው ኋላ ግን ምንም ነጠብጣብ የለም። አሸዋውን መቀነስ እጀምራለሁ፤ ስቲንግሬዩንና ኮሪዶራሱንም ትቻቸዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው፤ ጂኦፋገሶቹን እንዴት አድርጌ ላስገባቸው? አዳኞቹ ሽሚያ ስለሚወዱስ ምግብ እንዴት ይደርሳቸዋል?

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እንዲህ ከሆነ ፒኮክ ባሶችዎ ሲክላ ኦሴላሪስ ከተባለው አነስተኛ ዝርያ ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በአኳሪየም ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ደርሰው እድገታቸው ስለሚቀንስ፣ ሙሉ መጠኑን ካገኘ ጂኦፋገስ ጋር መኖር ይችላሉ።

አዲሶቹን ዓሦች በሌላ ገንዳ ለ4 ሳምንት ለይተው ያቆዩዋቸው። ይህ ጊዜ በሽታ መኖሩን ለማየት ከማገልገሉም ሌላ በደንብ አብልተው ለማወፈር ይረዳዎታል፤ ከሱቅ ከስቶ የመጣ ጂኦፋገስ ቶሎ ይደበደባልና። የዋናው ገንዳ ናይትሬት ከ20 ሚሊግራም በሊትር በታች ሳይወርድ አያስገቧቸው፤ በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ጭንቅላታቸው ላይ ጉድጓድ የሚያወጣው በሽታ ይይዛቸዋል፤ ኦስካርዎም ለዚሁ በሽታ የተጋለጠ ነው። በእርስዎ በኩል ባለው በሰሜን ቨርጂኒያ የቧንቧው ውሃ ዓመቱን በአብዛኛው በክሎራሚን (በክሎሪንና አሞኒያ ውህድ)፣ በጸደይ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት በክሎሪን ስለሚታከም፣ ውሃ ሲቀይሩ የሁለቱንም ጉዳት የሚያስቀር የውሃ ማዘጋጃ ፈሳሽ ይጠቀሙ።

በሚያስገቡበት ዕለት አዳኞቹን አስቀድመው ያጥግቡ፤ እንጨቱንና ድንጋዩን ቦታ ይለዋውጡ፤ ይህን ሲያደርጉ ኦስካሩ የያዘው ግዛት ይፈርሳል። ከዚያ መብራቱን አጥፍተው አምስቱንም በአንድ ጊዜ ይልቀቁ። ምግቡን በተመለከተ፣ ፒኮክ ባስና ኦስካር ከላይ ስለሚበሉ ተንሳፋፊውን በአንደኛው ጫፍ ሰጥተዋቸው፣ እነርሱ በዚያ ተጠምደው ሳሉ የሚሰምጠውን ደቃቅ ምግብ በሌላኛው ጫፍ አሸዋው ላይ ይበትኑ። ጂኦፋገስ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መልቀም የለመደ ስለሆነ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይሻላል።

መልስ (ከአዲስ አበባ)

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሌሊት ሌሊት በእጅ ባትሪ ይመልከቱ፤ አንዱ ጂኦፋገስ ክንፉ ተቀዳዶ ከውሃው ወለል አጠገብ ወይም ከማሞቂያው ኋላ ከቆመ እየተሳደደ ነው፤ በዚያው ዕለት ያውጡት። ለዚህም የለይቶ ማቆያ ገንዳዎን ሥራውን ጨረሰ ብለው አያፍርሱት።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

በዚህ እስማማለሁ። አብሮ መኖር ያቃተው ዓሣ ካለ ደግሞ ለሱቁ ይመልሱት ወይም ለሌላ አሳዳጊ ይስጡት፤ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ። በእኛው አካባቢ ስኔክሄድ የተባለው የእስያ አዳኝ ዓሣ በ2002 ክሮፍተን ሜሪላንድ በሚገኝ ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ በ2004 ደግሞ በፖቶማክ ወንዝ ታየ፤ እስከ ዛሬም ከወንዙ ማጥፋት አልተቻለም። የሚገዙበትን ሱቅ፣ ካልተስማማ መልሶ ይቀበል እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁት።