አለም ገና ላይ መኪና ሞቀብን፣ ጢያ ልንሄድ ነበር። ድረሱልን!

የአየር ጤናው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ። አዳዲ ማርያምን፣ የጥንት ሰው ቅሪት የተገኘበትን መልካ ቁንጡሬን፣ ከዚያ ጢያን አይተን ማታ ልንመለስ ነበር። የቡታጅራው መገንጠያ ሳንደርስ ቀዩ የሙቀት መብራት በራ። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ይወጣል። ከውጭ የመጣች አክስቴ አብራን አለች። ራዲያተሩን ልክፈተው?

ጥቁር አስፋልት፦ ውሃ ጨምርበት።

ጋሽ ሾፌር፦ ልጄ፣ መንገድ የሚወጣ ሰው ማታውኑ ውሃና ዘይት ያያል። እኛ ጎማውን በእግራችን ሳንረግጥ አንነሳም ነበር። የዛሬ ልጅ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ይወጣል፣ በቃ።

ቫልቮላ፦ እንዳትከፍተው! ፍል ውሃው ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ሞተሩን አጥፋና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። መኪናዋ ምንድን ናት? ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ይዞራል?

የአየር ጤናው፦ ቪትዝ። ቬንትሌተሩን አላየሁም።

ጥቁር አስፋልት፦ ውሃ ጨምርበት አልኩህ እኮ።

ቫልቮላ፦ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ? ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክፍል) ሊሰነጥቅለት? ሲበርድ ውሃውን እይ፣ ከጎደለ ሙላ። ከዚያ አስነሳና ኤሲ ክፈት። ቬንትሌተሩ ካልዞረ ቫልቮላው (ፊውዙ) ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ዓይነት በሆነ ቀይረው። ድጋሚ ከተቃጠለ አትነካካው፣ ኤሌክትሪሺያን ጥራ።

የሶዶ ልጅ፦ ለምን በዚች መኪና ትሟገታለህ? ጋራዥ አስገባትና የቡታጅራ ሚኒባስ ያዙ። ጢያ ስትወርዱ ትክል ድንጋዮቹ ከአስፋልቱ በእግር ናቸው። 36 ናቸው፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. መዝግቧቸዋል። መልካ ቁንጡሬም እዚያው መንገድ ላይ፣ አዋሽ ዳር ነው፤ እሱ የተመዘገበው ገና በ2024 ነው። አዳዲ ግን ከዋናው መንገድ ያስገነጥላል፣ ለዛሬ ተዉት።

ሳቂታው፦ የጢያዎቹ ድንጋዮችም መኪና ተበላሽቶባቸው እዚያው የቀሩ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም 😂

የአየር ጤናው፦ አክስቴ የመጣችው ለአዳዲ ነው። ላሊበላ ራቀኝ፣ ከአለት የተፈለፈለውን ሳላይ አልመለስም ብላለች።

የሶዶ ልጅ፦ እንግዲያው ነገ በጠዋት፣ በደህና መኪና። ነጠላ እንዳትረሳ በላት።

የአየር ጤናው፦ ኤሲ ከፈትኩ፣ ቬንትሌተሩ አልዞረም! ቫልቮላው የት ነው?

ቫልቮላ፦ ኮፈኑን ክፈት፣ ጥቁር ሳጥን ታያለህ። የትኛው የምን እንደሆነ ክዳኑ ላይ አለ።

ጥቁር አስፋልት፦ ውሃውስ?

ቫልቮላ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ሰዓት ሆነህ እኮ። ተገኘ?

ጋሽ ሾፌር፦ ወይ ጢያ ደርሷል፣ ወይ ያ ቻርጅ ያደረገው ስልክ አልቆበታል።