ስኪሪድ ተራራን (ዌልስ) ከልጆችና ከእናቶች ጋር ለመውጣት ምክር እንፈልጋለን

ጥያቄ፦ የካርዲፍ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። አበርጋቬኒ ከተማ አጠገብ ያለው ስኪሪድ ተራራ ጫፉ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ቦታ አለው። 14 ነን፤ ትንሹ ልጅ 6 ዓመቱ ነው፣ ከሁለቱ እናቶች አንዷን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መኪና የለንም። ለኅዳር ሚካኤል ይሻላል ወይስ ለሰኔው? ጧፍ ማብራትስ ይቻላል?

መልስ፦ ካርታ አንባቢ
የሰኔውን ምረጡ። ኅዳር 12 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ላይ ስለሚውል ፀሐይ በእኛ 10 ሰዓት ከ10 ገደማ ትጠልቃለች፤ ጫካው ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይጨልማል። ሰኔ 12 (ጁን 19) ግን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ብርሃን አለ።

ከካርዲፍ ሴንትራል አበርጋቬኒ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በቢ4521 መንገድ በስተምሥራቅ ወዳለው የናሽናል ትረስት (የቅርስ ጠባቂ ድርጅት) መኪና ማቆሚያ በታክሲ ሂዱ። መመለሻውንም ታክሲ ከመውጣታችሁ በፊት በሰዓት ቅጠሩ፤ ስልክ እዚያ ላይሠራ ይችላል። ሽንት ቤት ከተማ ውስጥ ተጠቀሙ፣ ውሃም ከዚያው ያዙ።

ተራራው 486 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከተቀመጠችበት ከፍታ አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። ስለዚህ የሚያስቸግረው ትንፋሽ ሳይሆን ጭቃና ነፋስ ነው። ደርሶ መልሱ ከ4 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ሽቅቡ ከ250 ሜትር በላይ። ብርቱ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል፤ እናንተ ዕረፍቱን ጨምራችሁ ሦስት ሰዓት ያዙ። አድካሚው መጀመሪያ ያለው የጫካው ዳገት ነው። ከዛፎቹ ወጥታችሁ የተራራው ጀርባ ላይ ስትደርሱ ይለዝባል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ እስከ ጫፉ ነው። የወረቀት ካርታ ከፈለጋችሁ የኦርድናንስ ሰርቬይ ኦኤል13 ነው።

መልስ፦ የተራራ ጫማ
አፈሩ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ስብርባሪ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። የከተማ ስኒከር ሽቅብ ይወጣላችኋል፣ ቁልቁል ግን ይጥላችኋል፤ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ። ነጠላ ያምራል፣ ግን ጥጥ ከራሰ ሙቀት ይነሳል። ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ልበሱና ነጠላውን በቦርሳ ይዛችሁ ጫፉ ላይ አጣፉት። ጀርባው ላይ ነፋሱ ድንገት ይገፋል፣ ጎንና ጎኑም ቁልቁለት ነው፤ ልጆቹ ከፊት አይሩጡ፣ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት አንድ ከኋላ ይሁን።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ሰኔ 12 ብዙ ጊዜ ጾመ ሐዋርያት ውስጥ ነው። ምግብም ውሃም ሳይቀምሱ ዳገት መውጣት ያዞራል። ሳይቀምሱ የሚውሉ ካሉ ከሰዓት በኋላ በልተው ይውጡ፤ ለዚህም የሰኔ ብርሃን ይበቃል።

መልስ፦ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር
ጧፍ፣ ከሰልና ዕጣን ይቅር። በተራራው ያለው ፈርን የሚባል ቅጠል ሲደርቅ እንደ ገለባ ነው፣ ነፋሱም እሳቱን ያሯሩጠዋል። መዝሙርና ጸሎት ይበቃል።

ሕንጻ አትጠብቁ። የቀረው በሩ የነበረበት ቦታ ላይ የቆሙ ሁለት ድንጋዮችና የመሠረቱ ምልክት ብቻ ነው። የካቶሊኮች ጸሎት ቤት ነበር፤ በስደታቸው ዘመን በድብቅ እየወጡ ይጸልዩበት ነበር። በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ትልቅ ስንጥቅ በስቅለት ሰዓት የተሰነጠቀ ነው የሚል ትውፊት አላቸው፣ አፈሩንም ለበረከት ወስደው እርሻቸው ላይ ይበትኑ ነበር። የመሬት ተመራማሪዎች መንስኤው ጠንካራው ድንጋይ ከሥሩ ባለው ለስላሳ ድንጋይ ላይ መንሸራተቱ ነው ይላሉ። አፈር አትውሰዱ፤ በሕግ የሚጠበቅ ታሪካዊ ስፍራ ነው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ለሰኔ አደረግነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትስ?

መልስ፦ የተራራ ጫማ
ጉልበት የሚጎዳው ሲወርዱ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ምርኩዝ ይያዙ፣ ቁልቁል ላይ ትንሽ አስረዝሙላቸው። ከጫካው ወጥተው ጀርባው እንደጀመረ ይቁሙና ጉልበታቸውን ይዩ። ካመማቸው ከዚያው ይመለሱ፤ ብቻቸውን ግን አይቀመጡ፣ አንድ ሰው አብሯቸው ይውረድ። ማናችሁም ከጫፉ በሰሜን በኩል አትውረዱ፣ በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ በመጣችሁበት ተመለሱ።

መልስ፦ ካርታ አንባቢ
አደጋ ከደረሰ 999 ደውሉ፣ መጀመሪያ ፖሊስ ቀጥሎ የተራራ ነፍስ አድን ጠይቁ። ማታ ቤት ስትገቡ የልጆቹን ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የፀጉር ዳር ለመዥገር ፈትሹ። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ቅባትና ክብሪት አይንካው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቦታው ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪም ዘንድ ውሰዱ።