ከቂም ወደ ፍቅር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፦ ረቂቄ ሸዋሮቢት ላይ ቆመብኝ

ቦርከና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ የሚያበቃ የፍቅር ልብወለድ እየጻፍኩ ነው፤ በ24 ምዕራፍ የታሰበ ሲሆን አሁን 11ኛው ላይ ነኝ። መቅደስና ሰዒድ ሆጤ ሰፈር ውስጥ አብረው ያደጉ የደሴ ልጆች ናቸው፤ ላለፉት አራት ዓመታት ግን ሰላም አይባባሉም። የሁለቱም ጓደኛ የሆነችው ሶስና እሑድ ታገባለች፣ መቅደስ ሚዜ ናት። ዓርብ ጠዋት አውቶቡሱ ያመልጣታል፤ ከሰዒድ ቪትዝ ሌላ የሚሄድ የለም።

የጠቡ መነሻ ሰዒድ ስለ መቅደስ ተናገረ ተብሎ በሶስና በኩል የደረሳት ወሬ ነው። አምስት ሴቶች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕም አለ፤ እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሳቅባት መቅደስ ናት። መጨረሻ ላይ ከሰዒድ ጋር እንድትገጥም፣ ከግሩፑ ደግሞ እንድትላቀቅ እፈልጋለሁ።

የቸገረኝ ሦስት ነገር ነው። ጠቡ ቶሎ ያልቅብኛል፤ ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ ይሳሳቃሉ። የጓደኞቿ ታሪክና የፍቅሩ ታሪክ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት መሰሉኝ። ሦስተኛው መንገዱ ነው፦ ጣርማበር ዋሻ ውስጥ አራት ገጽ ንግግር አለ፤ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ሰዒድ ወርዶ ክዳኑን ይከፍታል፤ ሸዋሮቢት ጥብስ ይበላሉ፤ ከሚሴ ዶፍ ዝናብ ይይዛቸዋል፤ መጨረሻው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። ወሩ ጥር ነው። ስህተቱን ሳትራሩ ንገሩኝ።

ቀይ እስክሪብቶ

እህትዓለም፣ የጻፍሽው ኩርፊያ ነው፤ የሚያስፈልግሽ ቂም ነው። ኩርፊያ አንዱ ቀድሞ እስኪናገር ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ቆሎ ዘግኖ «እንኪ» ቢላት ያበቃል። ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ የሳቁብሽ ለዚህ ነው። ቂም ግን የሚቆጠር ጉዳት አለው። መቅደስ በሰዒድ ምክንያት ያጣችውን አንድ ነገር ስጫት፤ ለምሳሌ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሊሰጣት የነበረ ሥራ። አንባቢው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች «እኔም ብሆን አላናግረውም» ካላለ ቀሪው መንገድ አይነዳም።

ከዚያ የሚመጣው ፈተና ይብሳል። ብዙ ረቂቆች የሚወድቁት «ለካ ሁሉም ውሸት ነበር» ሲሉ ነው። ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት ከሆነ ሰዒድ ጥፋት የሌለበት መልአክ ይሆናል፣ መቅደስ ደግሞ አራት ዓመት በከንቱ የተቆጣች። ይቅርታ የሚጠይቅም፣ ይቅር የምትልም አይኖርም። ከወሬው ሦስት እጁ የሶስና ጭማሪ ይሁን፣ አንድ እጁ ግን ከሰዒድ አፍ የወጣ። ቀጣሪው ሲጠይቀው «መቅደስ ሰዓት አታከብርም» ብሏል እንበል፤ ይሄ እውነት ነው፣ ጎድቷታልም። «ገንዘብ ታጎድላለች» የሚለውን የጨመረችው ሶስና ናት። አሁን ሰዒድ የሚያፍርበት ነገር አለው።

ሁለቱ ታሪክ አንድ የሚሆነውም እዚህ ጋ ነው። ቂሙን ያመላለሰችው ሶስና ከሆነች፣ መቅደስ ሰዒድን ባመነች ቁጥር ሶስናን መጠርጠሯ አይቀርም። ለጓደኞቿ የተለየ ምዕራፍ አትስጪ፤ ግሩፑ መኪናው ውስጥ አብሯቸው ይጓዝ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር አንድ መስመር መልእክት፣ አንድ የመቅደስ ያልተላከ መልስ። ጽፋ የሰረዘችውን አንባቢው ይይ።

ርቀቱን ለስሜቱ መለኪያ አድርጊው። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝምታና የግድ የሆነ ቃል ብቻ፦ «መስኮቱን»፣ «ነዳጅ ልቀዳ»። ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ባለው 60 ኪሎ ሜትር ጠቡ በድምፅ ይውጣ፣ ይፋጠጡ። ሸዋሮቢት፣ 225ኛው ላይ፣ ሳይስማሙ አብረው አንድ ነገር ይሥሩ። እውነቱ ከሚሴ አካባቢ፣ 325ኛው ላይ ይውጣ፤ ይቅርታው ከዚያ በኋላ። ደሴ ሲገቡ ገና ፍቅረኞች አይደሉም፤ ጠላትነታቸውን ያጡና በምትኩ ምን እንደሚይዙ ያላወቁ ሰዎች ናቸው። ፍቅሩን ከሰርጉ በኋላ ላሉት ስድስት ምዕራፎች አቆዪው።

ሐረጎ ላይ

እኔ ስለ መኪናው ብቻ ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ እዚያ ጋ መጽሐፉን ይዘጋል።

ራዲያተር ቁልቁለት ላይ አይፈላም። ሞተሩ ሥራ በሚበዛበት ዳገት ላይ ነው የሚፈላው። ከጣርማበር ወደ ሸዋሮቢት ስትወርጂ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ነው የምትገቢው፤ ይህን ሁሉ ጥምዝ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የወረደ ሾፌር የሚያቃጥለው ፍሬኑን ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሽታ ይመጣል፣ ተሳፋሪዋ ቀድማ ልትሸተው ትችላለች፤ ቀጥሎ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው እንደ ቅድሙ አይይዝም፤ የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ውስጡ የገባው እርጥበት ይፈላና ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። የሚያውቅ ሾፌር ማርሽ ወደ ሁለተኛ አውርዶ በሞተሩ ይይዘዋል፤ አውቶማቲክ ከሆነ ካምቢዮውን ወደ ዝቅተኛው ያወርዳል። ከዚያ ሰፊ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አስደግፎ፣ 30 ደቂቃ ያህል ያስቀዘቅዘዋል። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አይደፋም፤ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ይሄ ለታሪክሽ ከራዲያተሩ ይሻላል። መካኒክ አይፈልግም፣ የሚገዛ ዕቃ የለም፣ የሚሠራ ሥራም የለም። ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎች ገደል አፋፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ሽታውን ቀድማ የነገረችው መቅደስ፣ «ምንም አይደለም» ብሎ 5 ኪሎ ሜትር የነዳው ሰዒድ ቢሆን ደግሞ ጥፋቱ የሱ ይሆናል።

ማፍላት ከፈለግሽ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ አድርጊው፤ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ነው። ግን ሰዒድ ወርዶ ወዲያው ክዳኑን እንዳይከፍት። በግፊት የታመቀው ውሃ ፊቱን ይልጠዋል፣ ቀሪው ልብወለድ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሞተሩን አጥፍቶ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጠብቅ፣ በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ያላላው፣ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር። ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከደፋ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዋሻው ደግሞ ጣልያኖች በወረራው ጊዜ የሠሩት ነው፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በ40 ብትነጂ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አራት ገጽ አይበቃውም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን በደንብ ይበቃዋል።

ሰኞ ገበያ

ጥርን አትልቀቂው፣ ከሚሴ ላይ ያለውን ዶፍ ግን አውጪው። ያንን የመሰለ ዝናብ የሐምሌና የነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ እስከ አጋማሹ ፍልሰታ ስላለ የሶስናን ሰርግ እዚያ ማድረግ ይከብድሻል። በልግ ይዘንባል ብለሽ ከፋሲካ በኋላ ብታደርጊው ሌላ ነገር ታጪያለሽ፤ ይሄም የረቂቅሽ ትልቁ ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ፦ የዓርብ ምሳ።

አስቢው። ሰዒድ ሙስሊም ነው፣ መቅደስ ክርስቲያን ናት። በሌላ ቀን ሸዋሮቢት ላይ ጥብስ ቢያዝዙ ሥጋው የእስላም ወይም የክርስቲያን ነው፤ ከአንድ ትሪ አይበሉም። አሁን ረቂቅሽ ላይ ያለው ጥብስ ይህን ረስቶታል። ዓርብ ግን እሷ ጿሚ ናት፤ የጾም በየአይነቱ ሁለቱም የሚበሉት ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ይሄ ዕድል ይጠፋል። ዝናቡንና ትሪውን አንድ ላይ ልታገኚ አትችይም፣ ትሪውን ምረጪ።

ሰዓቱም ይገጥምልሻል። ጠዋት 1 ሰዓት ከአዲስ አበባ ቢነሱ፣ ፍሬኑን አስቀዝቅዘው 6 ሰዓት ላይ ሸዋሮቢት ናቸው። ዓርብ ስለሆነ ሰዒድ ለጁምዓ መስጊድ ይሄዳል፤ መንገደኛ ላይ ግዴታ ባይሆንም መሄዱ ጠባዩን ይነግረናል። እሷ ምግብ ቤት ውስጥ ብቻዋን 40 ደቂቃ ያህል ትቀመጣለች፤ ግሩፑ ስልኳ ላይ እየጮኸ ነው። አስተናጋጁ መጥቶ «ለአንድ ነው ለሁለት?» ይላታል። ያ ጥያቄ የመጽሐፉ መሀል ነው። መልሷን ብቻ ጻፊ፣ ለምን እንደመለሰች አታብራሪ። ሰዒድ ሲመጣ ደግሞ ጉርሻ እንዳትጨምሪበት፤ ገና ነው። ከትሪው ላይ እጃቸው ሳይነካካ እንዴት ድንበር አበጅተው እንደሚበሉ አሳዪን፣ ሽሮው መሀል ላይ ሲያልቅ ማን ወደ ማን እንደሚገፋ።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የታሪኩን ዓመት ስትመርጪ ረመዳን ከጥር ጋር እንዳይገጥም እዪ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። ከገጠመ ሰዒድ ምሳ አይበላም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፤ መጨረሻው እንዳለ ይወድቃል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሐይቁ ዳርቻ ላይ ማድረግ ትችያለሽ፣ እጅ ለእጅ መያያዙ ግን ፎቶግራፍ ይመስላል። ሰርጉ እሑድ ከሆነ ማግስቱ ሰኞ ነው፤ የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ። ወደ አዲስ አበባ መመለስ ሲገባቸው ኮምቦልቻ ላይ መሪውን ወደ ባቲ ካዞረው ምንም ቃል ሳይናገሩ ተናግረዋል።

የሃይማኖቱን ነገር ግን ለጌጥ ብቻ አትጠቀሚበት። ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሁለቱንም እምነት መያዙ እንግዳ አይደለም፤ ያ ማለት ለመቅደስ እናት ቀላል ይሆናል ማለት አይደለም። ቢያንስ አንድ ምዕራፍ እናቷ ሳሎን ውስጥ ይሁን።

አቦል ቶና

ሶስና ክፉ ብቻ ሆና ነው የተጻፈችው መሰለኝ፤ እንደዚያ ከሆነ መቅደስ ለምን አብራት እንደቆየች አይገባንም። ሰው ከሚጎዳው ጓደኛ ጋር የሚቆየው ውለታ ስላለ ነው። የመቅደስ አባት ሲሞት ሶስና ሦስት ቀን ከለቅሶው ቤት ሳትወጣ ሰሃን ስታጥብ ነበር እንበል። ይህ እውነት ይሁን፣ ልባዊም ይሁን። ከዚያ ወዲህ ግን ያን ውለታ በየወሩ ታስከፍላታለች፦ የሚዜ ልብስ መዋጮው ሲወጣ ለመቅደስ ብቻ ሳይነገር ይጨመራል፣ ምስጢሯ ግሩፑ ላይ ቀልድ ሆኖ ይወጣል፣ ስትከፋ «ቀልድ አታውቂም» ትባላለች። አንባቢው ሁለቱንም በአንድ ገጽ ካየ ልቡ ይከፈላል።

መላቀቁ ላይ ከብዙ ጸሐፊዎች የተለየ ሐሳብ አለኝ። ሰርጉ ላይ ማይክ ይዛ እውነቱን እንዳታወጣ፣ ግሩፑንም በንዴት እንዳትለቅ። ደሴ ነው፤ ነገ ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ፣ ቅሬውና እድሩ ያገናኛቸዋል። እዚህ ሰው ጓደኛውን ቆርጦ አይጥልም፣ ያርቃታል እንጂ። መቅደስ ሚዜነቷን እስከ መጨረሻው ትወጣ፣ የሙሽራዋን ቀሚስ ጫፍ ትያዝ። ከዚያ ሶስና «ከሰዒድ ጋር መንገድ ላይ ምን አወራችሁ?» ብላ ስትጠይቃት «ደህና ነበር» ብላ ትለፍ። ሁሉን ስትነግራት የኖረች ሴት ያን ቀን አንድ ነገር ለራሷ አስቀረች። ለሶስናም ለአንባቢውም ይገባል።

ቀይ እስክሪብቶ

አንድ የረሳሁት አለ፤ አጠራሩን ተጠቀሚበት። አብሮ አደጎች ስለሆኑ «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚባባሉት። መኪናው ውስጥ ሲገቡ መቅደስ «እርስዎ» ብትለው ከስድብ ይበልጣል። ቁልቁለቱ ላይ ስትደነግጥ ሳታስበው «አንተ! ፍሬኑ!» ይውጣት፤ ሁለቱም ይሰሙታል፣ ማንም አያነሳውም። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ፣ እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ እንደምትለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺ» ትበለው። «እወድሃለሁ» የሚለውን ከዚያ በኋላ ባትጽፊውም አይጎድልም።

ቦርከና ዳር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ጥብሱን፣ ዝናቡንና ገዳሙን አውጥቻለሁ፤ ቀጣሪው የጠየቀበትንም ትዕይንት ጀምሬዋለሁ። አንድ ትንሽ ጥያቄ ቀረኝ፦ የመጀመሪያውን 130 ኪሎ ሜትር ሳይነጋገሩ እንዴት ልሙላው? ገጹ ባዶ እየሆነብኝ ነው።

ሐረጎ ላይ

በፀሐይ ሙዪው። መንገዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ከፊት በስተቀኝ ትመጣለች። መቅደስ በስተቀኝ ስለተቀመጠች ጨረሩ ፊቷ ላይ ነው የሚያርፈው። የሷ መከለያ ተሰብሮ ይንጠልጠል። ሰዒድ ያየዋል፣ ምንም አይልም። ሸኖ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ሲወርድ ሽቦ ይዞ ይመለስና ያስረዋል። እሷም ምንም አትልም። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ወደ ግራ ትዞራለች፣ ያኔ በጎን የምታገኘው እሱን ነው፤ ከሚሴ ሲደርሱ የሱን መከለያ ወደ መስኮቱ የምታዞርለት መቅደስ ትሁን። ጃኬቷንም ከኋላ ወንበር ታቅርበው፤ ኮምቦልቻ ሞቆ ደሴ ሲደርሱ ይበርዳቸዋል።