የትል መድኃኒት ነርቭ ውስጥ ምን ገባ?

የመቂ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። አጎቴ መቂ አካባቢ ቲማቲም ያለማል። ሰሞኑን ያለ ጓንት ማላታይን የሚባል የትል መድኃኒት ሲረጭ ዋለና ማታ ላይ ምራቁ ይዝረከረክ፣ ዓይኑ ያነባ፣ ላብ ያጠምቀው ጀመር። ሥጋው በየቦታው ይርገበገባል። ሆስፒታል አትሮፒን ሲወጉት አደሩ፤ አሁን ተመስገን ነው። ሐኪሙ «መርዙ ነርቭህን ነው የያዘው» አለው። ነርቭ በኤሌክትሪክ ይሠራል ሲባል ነው የምሰማው። ታዲያ የትል መድኃኒት እዚያ ምን ገባ?

ሲስተር፦
እንኳን አተረፈላችሁ። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው፤ እንዳጎትህ ያለ በሽተኛ አውቃለሁ።

ኤሌክትሪኩ እውነት ነው። ግን የሚሄደው እስከ ነርቩ ጫፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ክፍተት አለ፤ በዓይን የማይታይ፣ ግን ኤሌክትሪኩ የማይሻገረው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ጥቃቅን ከረጢቶች ይከፈቱና ኬሚካል ያፈስሳሉ። ወደ ጡንቻ የሚላከው አሴቲልኮሊን ይባላል። ማዶ ያለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ጡንቻው ይኮማተራል።

ሰው ልብ የማይለው ቀጥሎ ያለውን ነው። የደረሰ መልእክት መጥፋት አለበት። አሴቲልኮሊንን ወዲያው የሚበጣጥስ ኢንዛይም እዚያው ተቀምጧል። ማላታይን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲለወጥ ይህን ኢንዛይም ጠፍሮ ይይዘዋል። መልእክቱ ተጭኖ እንደቀረ የበር ደወል ይሆናል። ምራቁ አያቆም፣ ብሌኑ ይጠባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል። ትሉም የሚሞተው በዚሁ መንገድ ነው።

አትሮፒን ኢንዛይሙን አይፈታም። እንደ ምራቅ እጢና ሳንባ ባሉት ቦታዎች ያለውን ተቀባይ ቀድሞ ይይዝና አሴቲልኮሊኑ እዚያ ማረፊያ ያጣል። በቃው የምንለው ደረቱን ስናዳምጥ ያ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ሲጠራ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦
ሲስተር ጨርሳዋለች፤ እኔ ታሪኩን ልጨምር። ነገሩ ኬሚካል ነው ወይስ ኤሌክትሪክ በሚለው ሳይንቲስቶች ብዙ ተጨቃጭቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦቶ ሎዊ ኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ ውስጥ ሁለት የእንቁራሪት ልብ ወሰደ። የአንዱን ቬገስ ነርቭ (ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደውን) በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሰው ልቡ ምቱን ቀነሰ። ከዚያ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ቀድቶ ሁለተኛው ላይ አደረገው። እሱም ቀነሰ! ፈሳሹ ውስጥ የነበረው፣ አጎትህን ያሠቃየው ያው አሴቲልኮሊን ነው። በ1936 ከእንግሊዛዊው ተመራማሪ ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። (በቀጥታ በኤሌክትሪክ የሚገናኙ ነርቮችም አሉ፤ ግን ያንሳሉ።)

የመቂ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ቤት ገብቷል፣ ግን ዓይኑ ብዥ ይልበታል። ጎረቤት «መርዙ ወደ ላይ ወጣ» እያለ ያስጨንቀናል።

ሲስተር፦
ጎረቤት ይተወው፤ አትሮፒን ራሱ ዓይን ያደበዝዛል፣ ያልፋል። ካልለቀቀው ግን ይታይ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አትሮፒን ለእጅና ለእግር፣ ለመተንፈሻም ጡንቻ አይደርስም። ከተመረዘ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ድንገት ሊደክሙ ይችላሉ። ተጋድሞ ጭንቅላቱን ከትራስ ማንሳት ካቃተው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ። የረጨበት ልብስስ የት ነው? መርዙ በቆዳ ይገባል፤ በባዶ እጅ እንዳትነኩት።

የመቂ ልጅ፦
በር ላይ ተሰቅሏል። አሁኑኑ ደውዬ ላስነሳው።